ሁለት ቀን በማዱራይ፦ የዓሣ ዓይን ያላት እናት ቤት

ሐሙስ ማታ፣ ቼናይ

ደቡብ ህንድ፣ ቼናይ ከገባን ዛሬ ሃያ ሦስተኛ ቀናችን ነው። እማዬ ጉልበቷን ቀዶ ጥገና ተደርጎላት ከሆስፒታል ወጥታለች። እዚያው ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይተናል። የእኔ ሥራ ይሄ ነው፦ ጠዋት እቀሰቅሳታለሁ፣ ገላዋን አጥባታለሁ፣ ልብሷን እቀይርላታለሁ፣ አበላታለሁ፣ መድኃኒቷን በሰዓቱ እሰጣታለሁ፣ ማታ እግሯን ትራስ ላይ አድርጌ አስተኛታለሁ። በማግስቱ እንደገና ከአንድ።

ሰኞ ዕለት ወንድሜ ከአዲስ አበባ መጣና ተራውን ተረከበኝ። «እስቲ ወጣ ብለሽ ተንፍሺ፤ ፊትሽ ራሱ የሐኪም ቤት ኮሪደር መስሏል» አለኝ። ወንድም ማለት እንግዲህ እንዲህ ነው።

ማዱራይን የመረጥኩት በቀን መቁጠሪያ ነው። ያረፍንበት ቤት መግቢያ ላይ አንድ የተሰቀለ አለ። ሥዕሉ ላይ አረንጓዴ ቆዳ ያላት፣ በእጇ በቀቀን የያዘች ሴት አለች። ሦስት ሳምንት ሙሉ ባለፍኩ ባገደምኩ ቁጥር ታየኛለች። ማን እንደሆነች ብጠይቅ «አምላካችን ሚናክሺ» አሉኝ። «ቤቷ ማዱራይ ነው።» ቤቷ ማለታቸው ገረመኝ።

እማዬ ስትሰማ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«የጣዖት ቤት ልታዪ?»

«ለማየት ብቻ ነው፣ እማዬ።»

ዝም ብላ ቆየች። «እሺ። ግን እንዳትሰግጂ።» ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ነጠላሽን ያዢ» አለችኝ። የሰው ሃይማኖት ቤትም ቢሆን ባዶ ራስ መግባት ለእሷ ነውር ነው።

ከኤግሞር ጣቢያ ፓንዲያን ኤክስፕረስ የሚሉት የሌሊት ባቡር አለ። ስሙን ያገኘው ማዱራይን ይገዙ ከነበሩት ከፓንድያ ነገሥታት ነው። መንገዱ ወደ 500 ኪሎ ሜትር ነው፤ ተኝተህ ትደርሳለህ። ከታች ያለው አልጋ ላይ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ገጠሙኝ፤ ልጃቸውን ጠይቀው ወደ ማዱራይ እየተመለሱ ነው። ኢትዮጵያዊት መሆኔን ስነግራቸው ብድግ አሉ። አጎታቸው በጃንሆይ ዘመን ኢትዮጵያ ሒሳብ አስተማሪ ነበሩ። እማዬም ሒሳብ የተማረችው ከህንድ መምህር ነው፤ ዛሬም ድረስ ስትቆጣ አነጋገሩን ታስመስላለች። ይሄን ግን ለሴትዮዋ አልነገርኳቸውም። እዚያ ሰው ሁሉ እንደሚለው «አንቲ» አልኳቸው፣ እሳቸውም ከምግብ ሳህናቸው ግማሹን ወደ እኔ ገፉ።

ዓርብ፣ ማዱራይ

ሊነጋ ሲል ደረስን። ሴቶች ደጃፋቸውን ጠርገው፣ ውሃ ረጭተው፣ መሬቱ ላይ በሩዝ ዱቄት ሐረግ የመሰለ ሥዕል ይሥላሉ። «ኮላም» ይሉታል። ጎንበስ ብለው፣ በሁለት ጣት ዱቄቱን እያፈሰሱ፣ መስመሩ አንዴም ሳይዛነፍ። እስከ ማታ ሰውና ሞተር ይረግጠዋል፤ ነገ ጠዋት ሌላ ይሣላል።

ከተማው የተሠራው ቤተ መቅደሱን መሐል አድርጎ ነው። መንገዶቹ አራት ማዕዘን ሠርተው ዙሪያውን ይከቡታል፤ አንዱ ከሌላው ውጭ፣ ሌላው ከዚያ ውጭ። ስማቸውም የአገሩ ሕዝብ፣ የታሚሎች፣ ወራት ስም ነው፦ ቺቲራይ፣ ማሲ፣ ወዘተ። እኛ አንድ ደብር ዙሪያ «ሚያዝያ መንገድ»፣ «የካቲት መንገድ» እያልን ብንሰይም ማለት ነው።

ከሩቅ የሚታዩት የበር ግንቦቹ ናቸው፤ «ጎፑራም» ይባላሉ። ባጠቃላይ 14 ናቸው። ከሁሉም ረጅሙ በደቡብ በኩል ያለው፣ እ.ኤ.አ. 1559 የተሠራው፣ ወደ 52 ሜትር ይደርሳል። ከታች እስከ ላይ ቦታ አልተረፈውም። አማልክት፣ አጋንንት፣ ፈረሶች፣ ጠባቂዎች፣ ሁሉም በሰማያዊ፣ በሮዝና በአረንጓዴ ተቀብተው ተጨናንቀዋል። እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ ሳየው ዓይኔ ደከመ። ጥንታዊ ነገር ግራጫ መሆን አለበት ብዬ ነበር መሰል። ለካ ቀለሙ በየጊዜው ይታደሳል፤ ዘመኑ ሲደርስ ትልቅ የቅድስና በዓል ተደርጎ እንደ አዲስ ይቀባል። ሰው የሚኖርበት ቤት አይደል? ይቀባል።

ጫማ አውልቀህ ታስቀምጣለህ፤ ይሄ ለእኛ ሰው አዲስ አይደለም። ስልክ ግን አይገባም። እ.ኤ.አ. 2018 ግቢው ውስጥ እሳት ከተነሳ ወዲህ ከልክለዋል። ስለዚህ ፎቶ የለኝም። ያለኝ ይቺ ደብተር ናት።

ነጠላዬ ጉድ አመጣ። በር ላይ የምትፈትሸኝ ሴት ጥለቱን በጣቶቿ እያሸች ጓደኛዋን ጠራች፤ ጓደኛዋ ሌላዋን ጠራች። አንዷ አቅጣጫውን አስተካክላ እንደ ሳሪ ትከሻዬ ላይ ጣለችው። እኔ ደግሞ መልሼ ራሴ ላይ አደረግኩት። ተሳሳቅን።

ውስጡ ሌላ ዓለም ነው። ረጃጅም የድንጋይ ኮሪደሮች፣ ጨለም ያሉ፣ የቅቤ መብራት፣ የአበባና የዕጣን ሽታ። ሰው ይቀመጣል፣ ያወራል፣ ልጅ ያጠባል፣ ሽማግሌ ምሰሶ ተደግፎ ያንቀላፋል። የቅዳሴ ዓይነት ሥርዓት ስጠብቅ ነበር፤ ሁሉም በአንድ ላይ የሚቆምበት፣ በአንድ ላይ የሚሰግድበት። እንደዚያ የለም። ሁሉም በየራሱ ይመጣል፣ ያያል፣ ይሄዳል።

«ማየት» ዋናው ነገር እሱ ነው። አንቲ ከሰዓት በኋላ ላገኛቸው ተቀጣጥረን ነበርና መጡ፤ እሳቸው ናቸው ያስረዱኝ። «ዳርሻን» ይባላል። አምላክን ልታየው ትሄዳለህ፣ እሱም ያይሃል። ሚናክሺ ማለት ዓሣ ዓይን ማለት ነው። ዓሣ እንቁላሏን በማየት ብቻ ታስፈለፍላለች የሚል እምነት አላቸው፤ ሚናክሺም ሰውን በዓይኗ ታሳድጋለች።

ታሪኳን እንዲህ ብለው ነገሩኝ። የፓንድያው ንጉሥ ማላያድዋጃ ልጅ አጥቶ መሥዋዕት ሲያቀርብ ከእሳቱ መሐል ሴት ልጅ ወጣች፤ ግን ሦስት ጡት ነበራት። ባሏን ባየች ቀን አንዱ ይጠፋል ተባለ። እንደ ወንድ ልጅ አሳደጓት፤ ነገሠች፣ ዘመተች፣ አገር ሁሉ አስገበረች። በመጨረሻ የታላቁ አምላክ የሺቫ ተራራ ካይላሽ ደረሰች። ሺቫን ስታየው ሦስተኛው ጡት ጠፋ፤ ጦሯም ከእጇ ረገበ። እሱ ነው እንግዲህ እሷን ተከትሎ ማዱራይ የመጣው። እዚያ ስሙ ሱንዳሬሽዋራር ነው፤ መልከ መልካሙ ጌታ። ሰዉ መጀመሪያ እሷን ይሳለማል፣ ከዚያ እሱን።

አንቲ ሳቅ እያሉ አንድ የአገራቸውን አባባል ጨመሩልኝ። ታሚሎች አንድን ባለትዳር ሲያሾፉበት «ቤትህ ማዱራይ ነው ወይስ ቺዳምባራም?» ይሉታል። በቺዳምባራም ከተማ ቤተ መቅደስ ዋናው ሺቫ ነው። ማዱራይ ከሆነ ቤቱን የምታዝዘው ሚስት ናት።

«የእናንተስ?» አልኳቸው።

«ባሌን ጠይቂው፤ ፈቃድ ከሰጠሁት ይነግርሻል።»

ጠዋት ለብቻዬ ሳለሁ ያልገባኝን ከሰዓት በኋላ ለያየሁት። ካህናቱ ቀኑን ሙሉ የሚያደርጉት የቤት ሥራ ነው። አማልክቱን ሳይነጋ በዜማ ይቀሰቅሷቸዋል። በውሃ፣ በወተት፣ በእርጎ፣ በማርና በሰንደል ያጥቧቸዋል። ያለብሷቸዋል፣ ጌጥ ያደርጉላቸዋል፣ አበባ ያስሩላቸዋል። ምግብ ያቀርቡላቸዋል። ቀትር ላይ በሩ ይዘጋል፤ ከ6 ሰዓት ተኩል እስከ 10 ሰዓት ያርፋሉ። ማታ ያስተኟቸዋል። ይህን ሲዘረዝሩልኝ ጣቴን እያጠፍኩ ስቆጥር አንቲ «ምነው?» አሉኝ። «የእኔን ሥራ ነው የነገሩኝ» አልኳቸው። ስለ እማዬ ጉልበት የነገርኳቸው ያኔ ነው።

እዚያው ፊታቸው ተለወጠ። ዓርብ የእሷ ቀን ነው፣ ዛሬማ ስሟን ማስጠራት አለብኝ አሉ። አንድ ሰው ትንሽ ከፍሎ ካህኑ ዘንድ የሚጸለይለትን ሰው ስምና የተወለደበትን ኮከብ ያስመዘግባል፤ ካህኑ በአምላኳ ፊት ይጠራዋል። እኛስ ለጸሎት የክርስትና ስም እንሰጥ የለ?

ወደ ውስጠኛው ክፍል የምትወስደው በር ላይ ሂንዱ ያልሆነ አይግባ የሚል ጽሑፍ አለ። አልከፋኝም። እኛም ዘንድ መቅደስ የሚገባው ካህኑ ነው። አንቲ ብቻቸውን ሊገቡ ነው።

«የእናትሽ ስም ማነው? ኮከቧስ?»

ኮከብ? እማዬ የምታውቀው በጥቅምት ማርያም ዕለት መወለዷን ብቻ ነው። ስሟን ለመናገር አፌን ከፈትኩና ቆምኩ። ያቺ ሴት «እንዳትሰግጂ» ያለችኝ ትናንት ማታ ነው። የክርስትና ስሟን? በፍጹም። የዓለም ስሟንስ? እሱም ከበደኝ። ሰልፉ ከኋላ ይገፋል፣ አንቲ ዓይን ዓይኔን ያዩኛል።

«እማዬ» አልኩ።

«እማዬ! አማ!» በታሚልም እናት አማ ናት። አንቲ በደስታ እጃቸውን አጨበጨቡና እየደጋገሙ ገቡ። ሲወጡ በትንሽ ወረቀት የታጠፈ ቀይ ዱቄት አመጡልኝ። ለእማዬ ነው። ቦርሳዬ ኪስ ውስጥ፣ ከህመም ማስታገሻዋ ክኒን ጎን አስቀመጥኩት።

ሳንወጣ ወርቃማው የሎተስ ኩሬ ደረጃ ላይ ተቀመጥን። ድሮ ባለቅኔ አዲስ ሥራውን ይዞ ይመጣና ኩሬው ላይ ይጥለዋል ይላል አፈ ታሪኩ። መልካም ከሆነ ይንሳፈፋል፣ ካልሆነ ይሰምጣል። ደብተሬን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ።

እራት ኢድሊ በላሁ። ዓርብ ጾም ስለሆነ «ቅቤ አለው?» ብዬ ሦስት ጊዜ ጠየቅኩ። የለውም፤ ሩዝና ጥቁር ምስር የመሰለ ጥራጥሬ ተፈጭቶ፣ ሌሊቱን ቦክቶ፣ በእንፋሎት የበሰለ ነው። ኮምጠጥ ያለ ጣዕሙ ወዲያው እንጀራን አስታወሰኝ። ቡናው ግን ከወተት ጋር ስለሆነ ለነገ አቆየሁት።

ቅዳሜ

ቡናውን ጠጣሁ። በትንሽ የብረት ኩባያና ሰፋ ባለ ሳህን መሐል ከላይ ወደ ታች እያፈሰሱ አረፋ ያወጡለታል። ወፍራም ነው፣ ጣፋጭ ነው፣ ቺኮሪ የሚባል ሥር የተቀላቀለበት ነው። ህንዶች እንደሚተርኩት ቡና አገራቸው የገባው ባባ ቡዳን የሚባል ሰው ከየመን ሰባት ፍሬ ደብቆ ይዞ ነው። ከእኛ የመን፣ ከየመን እዚህ። ዘመድ ጋ የገባሁ መሰለኝ፤ ዘመዱ ቺኮሪ መጨመሩን ግን አልወደድኩለትም።

ጠዋት ሺህ ምሰሶ የሚባለውን አዳራሽ አየሁ። ሲቆጠር 985 ነው። አሁን ሙዚየም አድርገውታል። ቆንጆ ነው፤ ግን ሰው የማይጸልይበት ስለሆነ ቶሎ ወጣሁ።

ከዚያ ይልቅ ቀኑን ሙሉ ያልለቀቀኝ ሌላ ነገር ነው። አንድ የከተማው አስጎብኚ በምሥራቁ በር ቆሞ «ይህን በር ብዙ የከተማችን ሰው እስከ እ.ኤ.አ. 1939 ድረስ አላለፈውም» አለን። ዝቅተኛ ናቸው የተባሉ ወገኖች፣ ሂንዱ ሆነው፣ የሚናክሺን ስም እየጠሩ፣ ከግንቡ ውጭ ይቆሙ ነበር። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 8 ቀን 1939 የማዱራይ ጠበቃ የነበሩት ቫይድያናታ አይየር፣ ራሳቸው ከላይኛው የካህናት ወገን፣ ብራህሚን፣ ሲሆኑ፣ ከእነዚህ ሰዎች ጥቂቱን ይዘው ገቡ። ካህናቱ ተቆጡ፤ ቤቱ ረከሰ ብለው አገልግሎት ያቆሙም ነበሩ። በዚያው ዓመት የማድራስ (ያኔ የቼናይ ስም ነው) መንግሥት መግባቱን ሕጋዊ አደረገ። ጋንዲ ሁሉም ካልገባ አልገባም ብለው ቆይተው 1946 ነው የገቡት።

ትናንት ጽሑፉ አልከፋኝም ብያለሁ፤ ዛሬም አልከፋኝም። እኔ እንግዳ ነኝ። የቤቱን ልጅ ደጅ ማስቆም ግን ሌላ ነገር ነው። ይቺ እናት በዓይኗ የምታሳድግ ከሆነች፣ እነዚያን ሰዎች በየትኛው በኩል ነበር የምታያቸው?

ከቀትር በኋላ ድንጋዩ ጋለ። በባዶ እግር ግቢውን ለማቋረጥ ሮጥኩ፤ አንዲት አሮጊት ሳቁብኝ፤ እሳቸው ግን እንደ ምንጣፍ እየረገጡት ነው የሚሄዱት። አበባ ተራ ሄድኩ። የማዱራይ ጃስሚን በህንድ ስሙ የታወቀ ነው። የሚሸጠው በክንድ ነው። እውነቴን ነው፣ በክንድ! ነጋዴዋ ጉንጉኑን ከክርኗ እስከ ጣቷ ጫፍ እየለካች ትቆርጣለች። አንድ ክንድ ለጸጉሬ፣ አንድ ክንድ ደግሞ ላስብበት ብዬ ገዛሁ።

ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ተመልሼ ገባሁ። ሰዉ ሳስቷል። ድንጋዩ ቀዝቅዟል። ሱንዳሬሽዋራር ሌሊቱን የሚያድረው ሚስቱ ክፍል ነው፤ በየቀኑ ማታ ወደ እሷ ይወስዱታል፣ ጠዋት ወደ ራሱ ይመልሱታል። አስጎብኚው እንዳለን፣ እሱ ከመግባቱ በፊት እንዳይቧጭረው ብለው የአፍንጫዋን ጌጥ ያወልቁላታል። እዚህ ላይ አንዲት የውጭ አገር ሴት ፈገግ አለች። እኔ አላልኩም። የእማዬን ቀለበት ቀዶ ጥገና ልትገባ ስትል ከጣቷ ያወለቅኩት እኔ ነኝ፤ ሳሙና ቀብቼ፣ ቀስ ብዬ።

ከበሮው ጀመረ። ናዳስዋራም የሚሉት ረጅም መለከት ከኮሪደሩ ጥግ ጮኸ፤ ድንጋዩ መልሶ ጮኸ። ከዚያ ወጡ። በትከሻቸው የያዙትን ምን ልበለው? ከብር የተሠራ፣ መጋረጃ ያለው፣ አራት ማዕዘን። ቃሬዛ የሚለው ቃል ነው የመጣልኝ። ውስጡ ያለው የአምላኩ የእግሩ ምስል ነው፤ ለዓይን አይታይም፣ በአበባና በጨርቅ ተሸፍኗል። ፊት ፊት መብራት ይሄዳል፤ ዕጣን ይጨሳል። ሚናክሺ ደጃፍ ላይ ቆሙ። ካህኑ አጠኑት፣ በማራገቢያ አራገቡለት። ማንም አልተጣደፈም። ምናልባት ለመቶ ሺህኛ ጊዜ ይሆናል የሚያደርጉት፤ ግን ተሸካሚዎቹ ደፉን ሲሻገሩ አንደኛው ለሌላው በዓይኑ ምልክት ሲሰጠው አየሁ፦ ቀስ። እማዬን ከአንዱ አልጋ ወደ ሌላው ያዞሯት ሁለቱ ነርሶች የተያዩት እንደዚያ ነው።

ገቡ። እኛ ቀረን። ከውስጥ ዜማው ትንሽ ቆየና ጸጥ አለ። አጠገቤ የነበረች ሴት የተኛውን ልጇን ትከሻዋ ላይ አስተካክላ ወጣች። መብራት ማጥፋት ጀመሩ።

አልሰገድኩም። ግን ስወጣ ጀርባዬን አላዞርኩም፤ ጥቂት እርምጃ ወደ ኋላ ሄድኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ እግሬ ነው የለመደው።

እሑድ፣ ታንጃቩር

በአውቶቡስ አራት ሰዓት ያህል። መንገዱ የሩዝ ማሳ ነው። እዚህ ያለው ቤተ መቅደስ ብሪሃዲሽዋራ ይባላል፤ የቾላው ንጉሥ ራጃራጃ ቀዳማዊ እ.ኤ.አ. 1010 ያስጨረሰው ነው። ከላሊበላችን በሁለት መቶ ዓመት ገደማ ይቀድማል። ግንቡ ወደ 60 ሜትር ነው፤ ሁሉም ግራናይት ድንጋይ። ቀለም የለም፣ ግርግር የለም፣ ሰፊ ግቢ፣ ሣር። ፊት ለፊቱ ሺቫ የሚጋልበው በሬ፣ ናንዲ፣ ከአንድ ድንጋይ ተፈልፍሎ ተኝቷል። እዚህ ስልክ ይገባል፤ ሰው ሁሉ ፎቶ ላይ ነው።

ስለ ውበት ከሆነ ይሄኛው ይበልጣል። ሌላ ቀን ብመጣ ግን ማዱራይ ነው የምሄደው።

አንድ ነገር ብቻ አስቆመኝ። የግድግዳው መሠረት ዙሪያውን ጽሑፍ ነው። ንጉሡ እኛ የሰጠነው፣ ታላቅ እህታችን የሰጠችው፣ ሚስቶቻችን የሰጡት፣ ሌሎችም የሰጡት ድንጋይ ላይ ይቀረጽ ብሎ አዝዟል። እህት ከሚስቶች ቀድማለች። አራት መቶ ጨፋሪ ሴቶች ከየመጡበት መንደርና ከተሰጣቸው ቤት ጋር በስማቸው ተጽፈዋል። በቾላ ዘመን አንድ መብራት ሳይጠፋ እንዲኖር 96 በግ ለእረኛ ይሰጣል፤ እረኛው በየቀኑ ቅቤ ያመጣል። በጎቹንም «የማይሞቱና የማያረጁ» ይሏቸዋል፤ የሞተው በሌላ ስለሚተካ። እንዲህ ያለ ስለት እኛም አገር ቢኖር ደብተራው ከነስሙ ይመዘግበው ነበር።

ማታ ባቡር ያዝኩ።

ሰኞ፣ ቼናይ

ወንድሜ በሩን ከፈተልኝ። ፊቱ ኮሪደር መስሏል። አልነገርኩትም።

እማዬ ዱላዋን ይዛ ቆማ ጠበቀችኝ፤ አራት እርምጃ ተራምዳ አሳየችኝ። ከዚያ ተቀምጣ ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«ሰገድሽ?»

«አልሰገድኩም።»

ቦርሳዬን ስፈታ የታጠፈችው ወረቀት ከክኒኑ ጋር ወደቀች፤ ቀይ ዱቄቷ ትንሽ አፈሰሰች። እማዬ ዝም ብላ ጠበቀች። ስለዚህ ነገርኳት፤ አንቲን፣ ሰልፉን፣ ኮከቡን።

«ስሜን ሰጠሽ?»

«አልሰጠሁም።»

«ታዲያ ምን ብለሽ?»

«እማዬ ብዬ።»

መጀመሪያ ዝም አለች። ከዚያ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ጉልበቷን በሁለት እጇ ይዛ «አታስቂኝ፣ ስፌቱ!» እያለች እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። «የስንቱን እናት ይሆን ያስጠራሽው!»

ወረቀቷን አጣጥፌ ልጥላት ስል «ተዪው፣ የሰው ልብ ነው» ብላ መሳቢያው ውስጥ አስከተተችኝ። ሁለተኛው ክንድ ጃስሚን ጠውልጎ ነበር፤ ሽታው ግን አልሄደም። ተቀብላኝ አፍንጫዋ ላይ ያዘችው።

«ሻሼን ፍቺና እዚህ ጋ አስሪልኝ» አለችኝ። «መጀመሪያ ግን እጅሽን ታጠቢ።»